ለልደታ የታሰረው መንኮራኩር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርሁትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ዛሬ ጠዋት የዶሮ ቤታችንን በር ስከፍት ቆርቆሮው ጣቴን ቆረጠኝ። ያ በር ድሮ የነፋስ ፓምፕ ክንፍ ነበር። ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ልጽፍ ተቀመጥሁ።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ማሳችን ከጣና ዳር ነበረ። ውሃው ከእግራችን ስር ተኝቶ እያየነው ማሳው ከፍ ያለ ስለሆነ በበጋ ይደርቃል። እናቴና ጎረቤቶቿ በእንስራ እየተሸከሙ ጥቂት መደብ ሽንኩርት ያጠጡ ነበር። በኋላ ለገበሬ ማህበሩ የነፋስ ፓምፕ ተተከለ፤ የብረት ማማ፣ ጫፉ ላይ ትልቅ መንኮራኩር፣ ከኋላው የዓሣ ጭራ የመሰለ ቆርቆሮ። ነፋስ ሲነሳ ይዞራል፣ ውሃውም በቧንቧ እየተንደቀደቀ ይወጣል። የግራሶው ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እኛ ልጆች የመንኮራኩሩን ጥላ መሬት ላይ እየዘለልን እንጫወት ነበር። እናቴ «ለነፋስ ምሳ አይቋጠርለት፣ ወገቤን አይል!» እያለች ትስቃለች። ትምህርት ቤት የገባሁት በዚያ ሽንኩርት ነው።

ጠባቂው አባቴ ነበር። ከማማው ስር ያለው የብረት እጀታ ሲሳብ ጭራው ይታጠፍና መንኮራኩሩ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ ይቆማል። አባቴ ማዕበል ሲመጣ ይስበዋል። በበዓል ቀንም ይስበዋል፤ ሰው ባረፈበት ቀን ብረቱ ከሠራ በረዶ ይመታናል ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ።

በግንቦት ልደታ ዋዜማ አባቴ ለፓምፑ የሚሆን ማጥበቂያ ጎማ ሊያመጣ በታንኳ ባሕር ዳር ሄደ፤ በበዓሉ ዕለትም ገና አልተመለሰም ነበር። ሰው ሁሉ ዛፍ ስር ንፍሮ ይቀቅላል፤ መንኮራኩሩ ይዞራል። የደብሩ መሪጌታ ጠሩኝ።

«አንች ልጅ፣ እመቤታችን በተወለደችበት ቀን ይህ ነገር ሲንኳኳ ይዋል? አሳርፊው እንጂ!»

«እሽ የኔታ» አልሁ።

እጀታው ላይ ተንጠለጠልሁ፤ አልነቃነቅ አለኝ። አቃተኝ ብዬ መናገር አፈርሁ። ነፋሱ ጋብ ሲል ማማው ላይ ወጥቼ ክንፉን በታንኳ ገመድ ከማማው ብረት ጋር አጥብቄ አሰርሁት። ሴቶቹ እልል አሉ። «የአባቷ ልጅ!» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ዝናብ የሌለው ብርቱ ነፋስ መጣ። መንኮራኩሩ ፊቱን ለነፋስ እንደ ሰጠ ታስሮ መዞርም ጎኑን መስጠትም አልቻለም። ማማው ጮኸ። ከዚያ አንድ እግሩ ታጠፈና ከነመንኮራኩሩ ሽንኩርቱ ላይ ወደቀ።

አባቴ በተመለሰ ማግስት የወረዳው ካድሬ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መጣ። ገመዱን ከክንፉ ፈትቶ ለሰዉ አሳየ።

«ነፋስ ገመድ መቋጠር ተማረ እንዴ? የሕዝብ ንብረት ያሰረው ማን ነው?»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። እኔ ከእናቴ ኋላ ተሸሸግሁ። አባቴ ቋጠሮውን አየ፤ ያን አቋጣጠር ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«እኔ ነኝ ጓድ» አለ።

«ባሕር ዳር አልነበርህም?»

«ከመሄዴ በፊት ነው ያሰርሁት።»

በልደታ ጠዋት ሲዞር ያየው ሰው ሁሉ ዝም አለ።

«አሻጥረኛ!» አለ ካድሬው። «በገዛ ገመዱ እሰሩት!»

አባቴ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ሞተ ያለን ስለሌለ ተዝካሩን እንኳ አላወጣንም። አሁን ደርግ የለም። ገንዘብ ያለው ሰው በናፍጣ ሞተር ያጠጣል፤ እኔ በእናቴ እንስራ ፈንታ ጀሪካን እሸከማለሁ። ነፋሱ ያው ነው፤ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ይመጣል፣ ነጠላዬን አውለብልቦ ያልፋል።

ያን ቀን እጁን የኋሊት አስረው ሲወስዱት ሮጬ ደረስሁበት። ልናገር መሆኔ ገብቶት ጎንበስ አለና በጆሮዬ፣

«ዝም በይ ልጄ። ይልቅ ሽንኩርቱን አጠጭ፤ ዛሬ ውሃ አላገኘም» አለኝ።