የሰገን ጭራቅ

ሰገን በ2006 ከአዲስ አበባ ወደ ወረታ የተመደበች የባዮሎጂ መምህርት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለባልደረቦቿ አስፈሪ ታሪክ ትፈጥራለች፤ እነሱ የታሪኩ ሰዎች ሆነው ይጫወታሉ፣ ዕጣቸውን የሚወረውሩት ዳይስ ይወስናል። ከሩዝ ማሳው ጭራቅ ብታወጣባቸው ግን አይሸሹም፣ አይዋጉም። የሂሳብ መምህሩ ጋሽ አያልነህ፣ «ሽማግሌ እንላክበት። ጭራቅም ቢሆን ሽማግሌ አያሳፍርም» ይላሉ። ሌሎቹም ይስማማሉ። ሦስት ታሪክ እንዲህ ከሸፈባት። እልህ ያዛትና ሳምንቱን ሙሉ አዲስ ስትጽፍ ሰነበተች።

ቅዳሜ ወደ ጋሽ አያልነህ ዞራ አነበበች፦ «ቤትዎ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ‹የላከን ጭራቁ ነው፤ ልጅዎን ለትዳር ፈልጓል› አሉ።»

ጋሽ አያልነህ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው። ዳይሱን ሳይወረውሩ መልሰው አስቀመጡ።

«እህሳ ጋሼ» አለች ሰገን፣ «ሽማግሌ ያሳፍራሉ?»