ከዛፉ ሥር ያለው በረዶ

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ያለው አፓርታማችን በለቀስተኛ ተሞላ። ወንበር ስላልበቃ ከቤተ ክርስቲያን ታጣፊ ወንበር አመጡልን። ለቅሶ ቤት እንደተለመደው ሰው እናቴን ለማስረሳት ሌላ ሌላ ወሬ ያወራል። እሷ የምትፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ እዚያ ተራራ ላይ ምን ሲሠራ እንደሞተ ማወቅ።

ታላቄ ነበር። ሪቻርድሰን ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፤ ኮሎራዶ እየሄደ ደኑ በተመነጠረበት ተራራ ላይ የበረዶ ጥልቀት ይለካ ነበር። በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ መለኪያዎቹን ሊሰበስብ ወንዝ ሲሻገር ውሃው ወሰደው።

«አንተ ንገረኝ» አለችኝ እናቴ፣ ሰው ሁሉ ፊት። «ላንተ ነበር የሚያወራው።»

እውነቷን ነው። እኔ ግን የጨረስኩት ሃይስኩል ነው። ማለቴ፣ ሲያስረዳኝ ይገባኛል፤ ላስረዳ ስል ይጠፋብኛል። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ነገርኳት።

ዳላስ በረዶ የጣለ ጊዜ ወንድሜ ከአልጋ ጎትቶ ፓርኪንግ ሎት አወረደኝ። ማስመሪያ ይዟል። በብርድ ወራት እንኳ ቅጠሉን የማያረግፈው ትልቁ ኦክ ዛፍ ሥር ተከለው፤ ቀጥሎ ገላጣው ሣር ላይ። የገላጣው በረዶ ወፍራም ነበር።

«ዛፉ በቅጠሉ ይይዘዋል» አለኝ። «ብዙው መሬት ሳይደርስ እዚያው ይተናል።»

እጄ ደንዝዟል። «ታዲያ ዛፍ መቁረጥ ጥሩ ነዋ!»

«ቆይ፣ አንተ ጎረምሳ» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። የገላጣው በረዶ ረፋዱ ላይ ውሃ ሆኖ ወደ መንገዱ ወረደ። ከዛፉ ሥር ያለው ስስ በረዶ ግን ቆየ። «አየህ? ገላጣው ጥላ የለውም። ብዙ ያጠራቅምና ባንዴ ይለቀዋል» አለኝ።

ከለቀስተኞቹ መሃል ታክሲ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ፣ ጨዋታ ለመለወጥ ብለው፣ «እኔማ በረዶ ከጣለ መኪናዬን የምጠይቃት በመስኮት ነው» አሉ። ትንሽ ተሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

«ተራራው ላይ ዛፉ ባይቆረጥ ልጄ ይተርፍ ነበር?»

«ተይ እንጂ እህቴ» አሏት አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ። «ቀኑ ደርሶ ነው።»

«ቀኑንማ ለእግዜር ትቻለሁ። እኔ የጠየቅኩት ዛፉን ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወንድሜን እንዲህ ያለ ነገር ስጠይቀው «እንደ ቦታው ነው» ይለኝ ነበር፤ ፀሐይ የሚያገኘው የተራራ ጎንና የማያገኘው አንድ አይደሉም፣ ነፋሱም አለ። ያናድደኝ ነበር። አሁን ሌላ ቃል አጣሁ።

«እንደ ቦታው ነው፣ እማ።»

«እሺ፣ የእሱ ቦታስ?»

ተራራውን አላየሁትም። ያየሁት ፓርኪንግ ሎቱን ብቻ ነው።

«አላውቅም» አልኳት።

እጄን ያዘችና፣ እንዳልሰማች ሁሉ፣ «የእሱ ቦታስ?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ።