ፓራሹቱ እስኪከፈት

ባሌ ላቀው ንፋስ መውጫ ውስጥ ነርስ ነው። ቤት ሲገባ ደግሞ በኮምፒውተር ጨዋታ ተዋጊ ጄት ያበራል። ጆይስቲኩን በቀኝ እጁ ጨብጦ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ የእኔም ልብ አብሮት አያርፍም። ራዳሩ ጠላት ሲያገኝ ይጮኻል፤ ላቀውም ሚሳኤሉን ይለቃል። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው።

የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጠላቱን እንደ መታ ማምለጥ ሲገባው፣ የተመታው አብራሪ በፓራሹት መውረዱን ካላየሁ ብሎ እዚያው ይዞራል። እሱ ሲዞር ሌላው ከኋላ መጥቶ ይጥለዋል። ሁልጊዜ!

"አንተ ሰውዬ፣ እውነተኛ ሰው መሰለህ እንዴ? ውስጡ እኮ ማንም የለም!" እለዋለሁ።

"አውቃለሁ" ይለኛል፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

ባለፈው እሁድ የንስሐ አባታችን፣ ቄስ አገኘሁ፣ ሊጠይቁን መጡ። "አባቴ፣ እስቲ ይህን ጉድ ይዩልኝ" ብዬ ከሰስኩት። ቆመው ሲያዩ ላቀው አንዱን መታ፤ አውሮፕላኑ እየጨሰ ቁልቁል ወረደ።

"ሽሽ! አሁን ሽሽ!" ብዬ ጮኽሁ።

ቄስ አገኘሁ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱት። "ቆይ እንጂ ልጄ! ሰውየው ወጥቷል?"

ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። ፓራሹቱ ሲከፈት አባ አማተቡ፤ እኔም "ተመስገን!" አልሁ።

ወዲያው ተመታን።