ሁዳዴና የቡሬው የወፍጮ ትምህርት

ንጋት፣ ወጀት

ጊዜው የጣሊያን ዘመን ነው፤ ፍኖተ ሰላምም ያኔ ወጀት ነበር የምትባለው። ጎህ ሲቀድ ከወፍጮኛዬ ከአያ ታፈረ ጋር ገበያው ዳር ቆመን የጭነት መኪና እንጠብቃለን። ወፍጮ ቤት አለኝ፤ አለኝ ስል ሞተሩም፣ በሩ ላይ የተጻፈው ስምም የቡሬው ግሪክ የሙሴ ያኒ ነው። ውላችን ቁርጥ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ወፍጮኛዬ ቡሬ ሄዶ እሱ ዘንድ እንዲማር አደርጋለሁ፣ ፈተናውን ያላለፈ ወፍጮውን አይነካም። አያ ታፈረ አምና ወድቆ በልመናዬ አንድ ዓመት ተጨመረለት። ዘንድሮ ከወደቀ ልጆቹን ይዞ የት ይገባል? መሬት የለው፣ በሬ የለው። እንቅልፍ ያጣሁት በዚህ ነው።

ሾፌሩ የጣሊያን ሊሬዬን ገፋ አድርጎ ጠገራ ብር ካልሆነ አላሳፍርም አለ። ምን ይደረግ፣ ሰጠሁት።

ረፋድ፣ ማንኩሳ

ኬላ ላይ አስካሪው፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ የአያ ታፈረን ከረጢት ፈትሾ ወፍጮ የሚወቀርበትን ሹል መዶሻ አገኘ። የሽፍታ መሣሪያ ነው ብሎ ድርቅ አለ። አያ ታፈረ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ይወቅር ጀመር። አስካሪው ትንሽ አየውና ስቆ ለቀቀን። ከዚያ ወዲያ አቧራ ነው፤ የገለባ ክምር፣ ጨው የጫኑ አህዮች፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የጣሉ ገበያተኞች።

ቀትር፣ ቡሬ

የጅጋና የሊበን ወፍጮኞች ቀድመውን ደርሰዋል። ሙሴ ያኒ ቁጡ ሽማግሌ ነው፤ አማርኛው ግን ወለላ። ሁሉም ድንጋዩን ወቀረ፣ ገጠመ፣ ስንዴ ፈጨ። የቀረው ዱቄቱን በጥርስ ቀምሶ ድንጋይ መኖር አለመኖሩን መናገር ነው፤ አዲስ የተወቀረ ወፍጮ ደቃቅ ድንጋይ ይተፋልና። የጅጋዎቹና የሊበኖቹ ወደ አፋቸው ሰደድ አድርገው ንጹሕ ነው አሉ። አያ ታፈረ ግን እጁን አጣጠፈ።

«ሁዳዴ ነው፣ ጌታዬ። ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም።»

አምናም የጣለው ይኸው ኖሯል! ለኔ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሙሴ ያኒ «እኔም እጾማለሁ፣ ሥጋና ወተት መተው አይበቃም ወይ?» ብሎ ተቆጣ። እኔም ብድግ አልኩ። «በኛ ዘንድ እህል ቅዳሴ ሲወጣ ነው የሚቀመሰው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀን» ብዬ ተሟገትኩ። እያጉረመረመ ጠበቀ።

ዘጠኝ ሰዓት

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ፤ ቅዳሴ ወጣ። አያ ታፈረ አማተበ፣ ዱቄቱን አኘከ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«ድንጋይ አለው» አለ።

በቃ፣ ዘንድሮም ወደቀ አልኩ። ሙሴ ያኒ ግን ጠርጥሮ የሌሎቹን ዱቄት ራሱ ቀመሰው፤ ሁሉም ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ለካስ እነሱም ጿሚ ናቸው፤ እንጀራችን እንዳይቀር ብለው ከንፈራቸውን ብቻ አስነክተው ነበር ንጹሕ ያሉት። ሽማግሌው በርሜል ላይ ቁጭ አለ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ያልቀመሰ ሰው ሳሳልፍ ኖሬያለሁ» አለ። ከእንግዲህ ትምህርቱ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ እንዲሆን፣ አያ ታፈረም ፈተናውን አልፎ እዚያው ቆይቶ የሌሎቹን ቅምሻ እንዲቆጣጠር አዘዘ።

በማግስቱ፣ ወጀት

ብቻዬን ተመለስኩ። የአያ ታፈረ ሚስት መንገድ ወጥታ ትጠብቀናለች። ከመኪናው ብቻዬን ስወርድ አይታ ተንበርክካ ማልቀስ ጀመረች። ሮጬ አነሣኋት።

«ተነሽ፣ እህቴ። ባልሽ አስተማሪ ሆኖ ነው የቀረው» አልኳት።