የአያቴ ብሎን

አያቴ የሚያብረቀርቅ ነገር አያምኑም ነበር። ኮኪት ወዳለው የሰሊጥ እርሻችን የመጣ ዕቃ ሁሉ፣ የትራክተር ማረሻም ቢሆን፣ ከኪሳቸው በማትጠፋው ብሎን ተመትቶ ድምፁ ሳይደመጥ አይገባም ነበር።

አምና መድኃኒት የሚረጭ ድሮን ተከራየን። ክንዱ ከተነባበረ ካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው፤ ጥቁር፣ ጭረት እንኳ የሌለው። ሲበር ማሳው ውስጥ ቆሜ መስመር የማሳየው እኔ ነበርኩ። አያቴ ክንዱን መቱት፤ ደግመው መቱት።

«እዚህ ጋ ድምፁ ታፍኗል። ይቺ ልጅ ከሥሩ አትቆምም።»

ድሮኑን የሚያበረው ባለሙያ ሳቀ። «አባቴ፣ ይኼ እኮ ብረት አይደለም!»

«አንተስ ብረት ነህ? ይኸው ትሸነግላለህ።»

ባለሙያው ተናዶ የድሮኑን ክንድ ቅባት ቀባና ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚልከውን መመርመሪያ አስጠጋበት። ከዚያ የመመርመሪያውን ስክሪን ወደ አያቴ አዞረ። ከላይ ደህና የሚመስለው ክንድ ውስጥ ለውስጥ ንብርብሩ ተላቅቋል።

ዘንድሮ ሲያስላቸው ጠየቅኋቸው። «ደህና ነኝ» አሉኝ። እንደ እሳቸው ማንንም የማላምነው እኔ፣ እሳቸውን አመንኩ። ሸሕዲ ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ሳንባቸው አልቋል ተባልን።

ብሎኗ አሁን እኔ ኪስ ናት። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ይለኛል፤ አላምንም። ትናንት አያቴ ትራክተሩ ጥላ ሥር ይቀመጡባት የነበረችውን በርጩማ መታኋት። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ከእሳቸው በቀር ምንም አልጎደላትም።