ዛፍ ስር የተውኩት ሊቀመንበር

እኔ ቂመኛ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለንስሐ አይደለም፤ የነፍስ አባቴ ስንት ጊዜ ሰምተውት ሰልችቷቸዋል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይመክሩኛል። እሺ አባ እላለሁ። ከዚያ ቤቴ እገባና ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ከያዝኳቸው ቂሞች ሁሉ ግን በጋምቤላው የሳይክል ክለብ ሊቀመንበር ላይ እንደያዝኩት ያለ የለም። አንድ ዓመት ሙሉ እየቀለብኩ ያሳደግኩት ነው።

ጋምቤላ የሄድኩት ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ነው። ቢሮዎቹ አዲስ፣ ማህተሞቹ አዲስ፣ በየበሩ የተጻፈው ስም ቀለሙ ገና አልደረቀም። እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ወባ እፈልጋለሁ። እዚያ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። እኔንም ዶክተር አሉኝ፤ አልተቃወምኩም። ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ከአንዲት ባለሱቅ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ታላቅ ወንድሜ የለቀቀልኝ አሮጌ ኮርሳ፣ መሪዋ ወደ ታች የታጠፈ የእሽቅድምድም ሳይክል፣ በጭነት መኪና ላይ ታስራ አብራኝ መጥታ ነበር።

ተቀምጦ መዋል ወገብ ይቆርጣል። ስለዚህ በየማለዳው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ወደ አቦቦ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ ብቻዬን እነዳለሁ። አንድ እሁድ ስድስት ሰዎች በሳይክል ተከታትለው አለፉኝ። ከፊት ያለው ወፍራም ሰውዬ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። አጠገቤ ሲደርስ ፊሽካውን ጆሮዬ ላይ ነፋብኝና «ዶክተር! ብቻህን የምትነዳው ከሚስትህ ተጣልተህ ነው?» አለኝ። ሚስት የለኝም። ሁሉም ሳቁ። ክለቡን የተዋወቅኩት እንዲህ ነው።

ልግባ አልግባ እያልኩ ሦስት ሳምንት ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ፊሽካ እጠላለሁ፤ ተርታ እጠላለሁ፤ ሊቀመንበር የሚባል ነገርማ በዘመነ ደርግ ጠግቤዋለሁ። ግን ደግሞ እሁድ ነበረ። የጋምቤላን እሁድ ዘመድ የሌለው ሰው ብቻ ያውቀዋል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ይዘጋብሃል፣ የምታናግረው የለህም፣ ቆርቆሮው ሲንጣጣ ትሰማለህ። በመጨረሻ ተሸነፍኩና አንድ እሁድ ማለዳ አብሬያቸው ወጣሁ።

ሊቀመንበሩ፣ ያ ባለፊሽካው ሰውዬ፣ ከአንዱ ቢሮ የእርሻ ባለሙያ ነው፤ እንደ እኔ ከደጋ የመጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ። ከቀሩት አንዱ አኙዋክ የሆነ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አማርኛው አጭር አጭር፤ ሊቀመንበሩንም እኔንም እኩል አንተ ነው የሚለው። ጉዟችን አቦቦ አጠገብ እስካለው እስከ አልዌሮ ግድብ ነበር። ደርሶ መልስ ነው። ስንሄድ ቀዝቃዛ ስለነበር አልጋ በአልጋ ሆነልኝ። ግድቡ ላይ ተቀምጠን ዳቦ በላን፤ እንዲያውም ሳቅኩ። ምን ነበረበት አንተ ሰው፣ ቀደም ብለህ ብትገባ፣ አልኩ ለራሴ።

ስንመለስ፣ ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ሌሎቹ ርቀዋል። ሊቀመንበሩ ብቻ ተመልሶ መጣ። ካላማዳሪውን፣ የውስጡን ጎማ ማለቴ ነው፣ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አደረገና «ይሄ አልቆለታል፤ በዚህ ፀሐይ ማስቲሽ አይዝልህም» አለኝ። ከዚያ ሳይክሉ ላይ ወጣ።

«ጋሼ፣ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው?» አልኩት።

«እኛ አምቡላንስ አይደለንም፣ ዶክተር!» ብሎ ሳቀ። «ጥላ ፈልግና ተቀመጥ።» ፊሽካውን ነፍቶ ሄደ።

ደሜ ፈላ። እውነቴን ነው፣ ከፀሐዩ በላይ ያቃጠለኝ ያ ሳቅ ነው። ጥላ ፈልግና ተቀመጥ! እንደ ጫነው አህያ! እኔ የእናቴ ልጅ ተቀምጬ ማንን ልጠብቅ? ሳይክሏን እየገፋሁ መሄድ ጀመርኩ። ሰው በዚህ ሁኔታ እንዲያየኝ ስላልፈለግኩ ከዋናው መንገድ ወርጄ በመንደር ውስጥ በሚያልፈው የእግር መንገድ ገባሁ። ከተማው መግቢያ ላይ ያለውን ኬላ እንኳ በጓሮ ዞርኩት። ቤቴ ስደርስ አስር ሰዓት አልፎ ነበር፤ የእግሬ ቆዳ ከካልሲው ጋር ተላጠ።

ሰኞ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሥራ ቦታ ደርሷል። አንዷ ነርስ «ዶክተር፣ ዛሬስ በምን መጡ?» ብላ ጀመረች። እስከ ዓርብ ድረስ ያልጠየቀኝ ዘበኛው ብቻ ነው። ማክሰኞ ሊቀመንበሩ ራሱ ማንጎ በፌስታል ይዞ ቤቴ መጣ። በመስኮት አየሁትና አከራዬን «እትዬ፣ የለም በይልኝ» አልኳት። የለም አለችው። ማንጎውን ተቀብላ ልጆቿ በሉት። ሐሙስ አስተማሪው መጣ፤ እሱንም የለም አስባልኩት። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ መንገድ አቋርጣለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊቀመንበሩን በልቤ አንቱ ማለት ተውኩ።

የምፈልገውን አውቅ ነበር። እንዲታመም አልፈለግኩም፤ እንዲሞት አልፈለግኩም፤ እግዜር ያውቃል። የምፈልገው ያንን መንገድ፣ በዚያ ሰዓት፣ በእግሩ ሳይክል እየገፋ እንዲሄድ ነው። የሚያልፍበት ሰው ሁሉ እንዲያየው። እኔ ደግሞ እግሩ እስከሚላጥ ድረስ የት እንደደረሰ በሐሳቤ እየተከተልኩ ቤቴ ተኝቼ እንዳስብ።

ለዚህ መጀመሪያ ፈጣን መሆን ነበረብኝ። በየማለዳው ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ። አዲስ አበባ ለሥልጠና ስሄድ አዲስ ካላማዳሪና መንፊያ ገዛሁ፤ ሊቀመንበሩ ሲለምነኝ ለመከልከል እንዲመቸኝ ነው የገዛሁት። የእሱንም ሳይክል ነገር አጠናሁ። ቢሮው በር ላይ በቆመች ቁጥር ዘወር ብዬ አያታለሁ። ካላማዳሪዋ ልጣፍ በልጣፍ ነው። በማለዳ ቅዝቃዜ ጥጥር እስክትል ይነፋታል፤ እንዲያ ሲሆን ትፈጥናለች። ቆላ የኖሩት ግን አላልተው ነው የሚነፉት፤ ግድቡ ጋ ሲደርሱም ሳይክላቸውን ጥላ ውስጥ ያስተኛሉ። እሱ ሰው እንዲያይለት ፀሐይ ላይ ነው የሚያቆማት። አንድ ቀን ማስቲሹ ሙቀቱን አይችልም። ያ ቀን ሲመጣ አጠገቡ መሆን ብቻ ነው የቀረኝ።

አንድ ዓመት ሲሞላ ቢሮው ሄጄ «ጋሼ፣ ባለፈው ልጅነት ይዞኝ ነው፤ ክለቡ ቢቀበለኝ» አልኩት። ሰውዬው ብድግ ብሎ አቀፈኝ! «እኛስ ጠልቶናል ብለን አዝነን ነበር» አለ። ሦስት እሁድ ከነዳህ በአራተኛው ትመዘገባለህ አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔ መመዝገቡን አልነበረም የማስበው።

ሁለት እሁድ ምንም ሳይሆን አለፈ። አጠገቡ ነዳሁ፣ ወሬውን ሰማሁ፣ በቀልዱ ሳቅኩ። በሦስተኛው፣ ከግድቡ ስንመለስ፣ ሌሎቹ ቀድመው እኔና እሱ ኋላ ቀረን። ኋላ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ወገቤን አመመኝ ብዬ ነው። ከአጋማሽ ትንሽ አለፍ እንዳልን ጎማው ቧ! አለ። አቤት ደስታዬ!

ሊቀመንበሩ ወርዶ አየው። አዲሷ ካላማዳሪ ጀርባዬ ላይ ባዘልኩት ቦርሳ ውስጥ ናት። እንዲለምነኝ ጠበቅኩ። አልለመነኝም። መንገዱ ዳር ወዳለ አንድ ትልቅ ዛፍ ሳይክሉን ገፋ፣ ተቀመጠ፣ ግንዱን ተደገፈ፣ «ሂድ አንተ፣ ፀሐይ ሳይመታህ» አለኝ።

ዓመት ሙሉ ያጠናሁትን እንዴት ሳልለው እሄዳለሁ? «እኔም አምቡላንስ አይደለሁም፣ ጋሼ!» አልኩት።

ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ጎበዝ! ለመድክ!» አለኝ።

ምኑ እንዳሳቀው አልገባኝም። ብቻ ሳቁ ይበልጥ አነደደኝና ሄድኩ።

ኬላው ጋ መንገዱን የምትዘጋውን ገመድ የሚጠብቅ ሽማግሌ አለ፤ አኙዋክ ነው፣ አማርኛው ከአስር ቃል አይበልጥም። ገመዱን ዝቅ እያደረገልኝ «ሁሉም ገባ?» አለኝ። እንግዲህ ሰው ልኮ ሊያስመጣው ነው ብዬ ሰጋሁ። ሰው ከሄደለት አይራመድም፤ ካልተራመደ ዓመቴ በከንቱ ቀረ። «ሁሉም ገባ» አልኩት። ቤቴ ሄድኩ፣ ገላዬን ታጠብኩ፣ ምሳዬን እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አሁን ይሄኔ እዚህ ደርሷል፣ አሁን ጫማው በልቶታል እያልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ አከራዬ ቀሰቀሰችኝ። አስተማሪው ደጅ ቆሟል።

«ሊቀመንበር ቤቱ የለም» አለኝ። «ሚስቱ እኔን ጠየቀች። አንተ ነህ መጨረሻ ያየኸው። ለሽማግሌው ነገርክ?»

«የቱን ሽማግሌ? ምኑን?»

ትክ ብሎ አየኝ። «ሰው ቀርቷል ብለህ። ሽማግሌው ወደዚያ ለሚሄድ መኪና ይነግራል። መኪናው ዛፍ ስር ያገኘዋል፣ ያመጣዋል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። ሁላችንም ቀርተናል።»

በዚያን ጊዜ ያንን መንገድ ሰላም ነው የሚለው ሰው አልነበረም። ሾፌር አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው እጁን ቢያወዛውዝ አይቆምም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። እንዲያ ሆኖ ነው ክለቡ ይህን ዘዴ ያበጀው። ቀድሞ የገባው ለኬላው ቃል ይተዋል፤ የቀረው ከጥላው አይነቃነቅም።

«ለእኔ ማን ነገረኝ?» ብዬ ጮህኩ። «ያኔ ጥሎኝ ሲሄድ ማን ነገረኝ?»

«ጥላ ስር ተቀመጥ አለህ» አለ አስተማሪው። «ሰው ለምን ይቀመጣል? መኪና ስለሚመጣ ነው። መኪና መጣ። እኔ ውስጡ ነበርኩ፣ እሱም ነበረ። አንተ የለህም። ሰው ገደለው ብለን ስምህን እየጠራን እስኪመሽ ፈለግን። ከዚያ ሁለታችንም ቤትህ መጣን። የለም አልክ።»

የአከራዬ ባል ፒክአፕ ነበረችው። እሱ ነዳ፣ አስተማሪው ጋቢና ገባ፣ እኔ ከኋላ ወጣሁ። ኬላው ላይ አስተማሪው ወርዶ ከሽማግሌው ጋር በአኙዋክኛ ተነጋገረ። እኔ ከሰላምታ በቀር አንድም ቃል አልሰማም። ሽማግሌው ግን በአገጩ ወደ እኔ ሲጠቁም አየሁ። አስተማሪው ተመልሶ ጋቢና ገባ።

ሊቀመንበሩ እዚያው ዛፍ ስር ነው። ጥላው በዞረ ቁጥር አብሮ እየተንፏቀቀ ግንዱን ግማሽ ዙር ዞሮታል፤ የተጎተተበት አፈሩ ላይ ይታያል። ሸሚዙን ራሱ ላይ ጥሏል። ውኃው አልቋል፣ አስመልሶታል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ሁለት መኪና አልፎ ነበር፤ ፊሽካ ነፋላቸው፤ አልቆሙም። ደግፌ አነሳሁት። ሰውነቱ እሳት ነው።

«ሽማግሌው ረስቶ ነው አይደል?» አለ ሊቀመንበሩ፤ ድምፁ አይወጣም። «አትቆጡት። ዶክተር መንገሩን እኔ አውቃለሁ።»

እውነቱን ልናገር? በዚያች ሰዓት እንኳ ተናደድኩበት። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት! አንድ ጊዜ ቢጠረጥረኝ ምን ነበረበት!

«አዎ፣ ረስቶ ነው» አልኩ። «አርጅቷል።»

አስተማሪው ከኮዳ ውኃ እያጠጣው ነበር። እጁ ቆም አለ። ከዚያ ማጠጣቱን ቀጠለ።

ሊቀመንበሩ ሦስት ቀን ተኝቶ ተነሳ። በአራተኛው እሁድ በገዛ እጁ መዝግቦ ክለቡ ውስጥ አስገባኝ። ከአባሎቹ አንዱ ኬላው ጋ ስንደርስ ሽማግሌውን «አንተ ደንቆሮ፣ ሰው ልትገድል!» ብሎ ጮኸበት። ሽማግሌው አስተማሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ገመዱን ዝቅ አደረገ። እኔም አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ጋምቤላ ኖርኩ። ቀልድ ተማርኩ፣ ሰርግ ተጠራሁ፣ እሁዴ ሞላ። አስተማሪው ያወቀውን ለማንም አልተናገረም። ብቻ ከዚያ እሁድ ጀምሮ ከኋላዬ ሆነ። ስዘገይ ይዘገያል፤ ውኃ ልጠጣ ስቆም ይቆማል፤ የአንዱ ሰንሰለት ወጥቶ አጠገቡ ከቀረሁ እሱም ይቀራል። በአራት ዓመት ውስጥ ከማንም ጋር መንገድ ላይ ለብቻዬ ትቶኝ አያውቅም። አንድ ቀን ብስጭት ብዬ «ኧረ እለፍ እንጂ!» አልኩት።

«አንተ እለፍ» አለኝ።

ከሰባታችን ፈጣኑ እሱ ነበር።