ልጄ ሮቢት ላይ ወረደች

ልጄ ዩኒቨርሲቲውን ትታ ዛሬ ጓዟን ጠቅልላ ተነስታ ነበር። ቆቦ መናኸሪያ ቆሜ ስጠብቃት፣ ቆቦ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ከሮቢት ከተማ ደወለች።

«አባዬ፣ ከመኪናው ወርጃለሁ። ልመለስ?»

ፈተና የጣለቻት መምህር ደውላላት ኖሯል። «ውጤቱን ገና አልመዘገብኩም። የሳትሽውን ከጓደኞችሽ ጋር ሥሪና ሰኞ መጥተሽ አስረጂኝ» ብላታለች። ለወደቀ ሁሉ እንዲህ ታደርጋለች አሉ።

በኛ ጊዜ የወደቀ ስሙ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። የኔም ስም መጀመሪያ ለሕዝብ የወጣው እዚያ ነው።

«ተመለሺ» አልኳት። አልጋሽን አንጥፌልሻለሁ አላልኳትም።

ዕቃ ሊጭንልኝ የመጣው ባለባጃጅ «ጋሼ፣ ሻንጣው የታለ?» አለኝ።

«ተመለሰ።»

«እሰይ! ታዲያ ምን ያስተክዝዎታል?»

እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

ልጃችሁን «ተመለስ» ብላችሁ ብቻችሁን ወደ ቤት የገባችሁ፣ ምሽቱን እንዴት አሳለፋችሁት?